ራሱን ጠርቶ ያጣው መልእክተኛ

ልብስ ሰፊዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ፍርድ ቤት የሄደች ቀን ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ነበር። ገና ከእንቅልፏ ስትነሳ የምታጠልቀው ነገር ስለሆነ አላስተዋለችውም። ታላቅ እህቷ ግን በር ላይ አይታት፣

«አንቺ ልጅ፣ ለዳኛው ሱፍ ልትለኪለት ነው እንዴ?» አለቻት።

«ተይኝ እትዬ። ካወለቅሁት ራቁቴን የወጣሁ ይመስለኛል» ብላ እንዳጠለቀችው ሄደች።

የቀኝ እጇ ሁለት ጣቶች በፋሻ ተጠቅልለዋል። ቦርሳዋ ውስጥ የሐኪም ወረቀትና እህቷ የጻፈችላት ማመልከቻ አለ። ማመልከቻው ሁለት ገጽ ሙሉ ነው፤ ፍሬ ነገሩ ግን በአንድ ትንፋሽ የሚያልቅ ነው። የሚመታኝ ሰው ከቤቴ ይውጣልኝና እኔና ልጄ እንግባ፤ ሌላ ምንም አልፈልግም።

ቤቱ የእሷ ነው፤ ከእናቷ የወረሰችው። ሁለት ክፍል ነው፤ የፊተኛው መሥሪያዋ፣ የኋለኛው መኖሪያቸው። የስፌት መኪናዋ መስኮቱ ሥር ቆሟል። ተቆርጠው በስፒል የተያያዙ ሠላሳ ስምንት የተማሪ ዩኒፎርሞች ጠረጴዛው ላይ ተከምረዋል። ትምህርት ቤት ሊከፈት ስድስት ሳምንት ቀርቶታል። እሷና የአራት ዓመት ልጇ ግን እህቷ ሳሎን፣ ከሶፋው ጀርባ ፍራሽ አንጥፈው ነው የሚተኙት። መቺው አልጋው ላይ ተንፈላስሶ፣ የተመታችው ሶፋ ጀርባ።

ባሏን ሰፈሩም መሥሪያ ቤቱም «ፈጥኖ ደራሽ» ነው የሚለው። የፍርድ ቤት መልእክተኛ ነው። መጥሪያ ያደርሳል፣ ችሎት በር ላይ ቆሞ ባለጉዳይ ይጠራል። ድሮ ሁለት ነበሩ፤ ባልደረባው ጡረታ ከወጣ ወዲህ ግን በቦታው ሌላ ሰው ስላልተቀጠረ ሁሉም ነገር እሱው ትከሻ ላይ ወድቋል። በአሥራ አራት ዓመት አንድ ቀን አላረፈደም። ጫማው ሁልጊዜ ይብረቀረቃል፤ ሲናገር ድምፁ ለስላሳ ነው። «እንዲህ ያለ ባል ከየት አገኘሽው?» ብለው የቀኑባት ሴቶች አሉ።

ቀኑን ሙሉ ለዳኞች ጎንበስ ቀና ሲል የዋለ ሰው ታዲያ፣ ቤቱ ሲገባ ራሱ ዳኛ መሆን ያምረዋል። ወንበሩን ግድግዳው ሥር ያስጠጋና ይቀመጣል። ከዚያ «ተከሳሽ፣ ቁሚ!» ይላል። ክሱ አንድ ቀን ሾርባው ቀዝቅዟል ነው፤ ሌላ ቀን ከደንበኛ ጋር ስትስቂ ተሰምተሻል ነው። መጀመሪያ ቀልድ መስሏት ሳቀች። በጥፊ መምታት የጀመረው ያን ዕለት ነው። ችሎት ደፍረሻል ብሎ።

ከዚያ በኋላ ችሎቱ ያልተቀመጠበት ሳምንት የለም። የመጨረሻውን ፍርድ የሰጠው መቀስ ፍለጋ እጇን መሳቢያ ውስጥ እንደከተተች ነው። መሳቢያውን በጉልበቱ ገፍቶ ዘጋው። ልጅቷ ጠረጴዛው ሥር ቁርጥራጭ ጨርቅ ይዛ ስትጫወት ነበርና ሁሉንም አየች። ከዚያን ቀን ጀምሮ የምታወራው በሹክሹክታ ሆነ። ውሃ ስትጠይቅ እንኳ እናቷ ጆሮ ሥር መጥታ ነው።

የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መነጽር የሚፈልጉ ሽማግሌ ናቸው። ማመልከቻውን እስከ መጨረሻው አነበቡና ብዕራቸውን አነሱ።

«የተጠሪ አድራሻ?»

«እዚሁ ነው።»

«እዚሁ የት? ሰፈር የለውም?»

«እዚሁ ፍርድ ቤት። መልእክተኛችሁ ነው፣ ፈጥኖ ደራሽ የምትሉት።»

አሁን ይደነግጣሉ ብላ ጠበቀች። የሽማግሌው ፊት ግን በራ።

«እሰይ! አድራሻው የታወቀ ተጠሪ ስናገኝ ስንት ጊዜያችን ነው! እዚህ እኮ ሰው ተጠሪ ሲፈልግ ጫማው ያልቃል።»

«ጋሼ፣ መጥሪያውን ታዲያ ማን ያደርስለታል?»

«መልእክተኛው ነዋ!»

«መልእክተኛው እኮ እሱ ነው።»

«እህቴ» አሉ በትዕግሥት፣ «እዚህ ቤት የግል ጉዳይና የመንግሥት ሥራ አይቀላቀልም። መልእክተኛ መልእክተኛ ነው፤ ተጠሪ ተጠሪ ነው። ሁለቱን ካምታታናቸው ቢሮው ቢሮ መሆኑ ቀረ።» ማኅተሙን ቀለም አስነክተው ፖስታው ላይ ረገጡት።

ይህን ሲሉ በሩ ተከፈተና ራሱ ፈጥኖ ደራሽ ገባ። ልብስ ሰፊዋ የጠረጴዛውን ጠርዝ በግራ እጇ ያዘች። እሱ ቀና ብሎም አላያት። ትልቁን የመረከቢያ መዝገብ ገለጠና የቀኑን ፖስታዎች አንድ በአንድ እያነሳ፣ በእያንዳንዱ ትይዩ ሙሉ ስሙን ጽፎ ፈረመ። ሳይፈርም አንዲት ወረቀት አንስቶ አያውቅም፤ ትልቁ ኩራቱ ይኼ ነው። የራሱ ስም የተጻፈበት ፖስታ ላይ ሲደርስም እጁ አልዘገየም። ጻፈ፣ ፈረመ፣ ነጥብ አደረገበት። «ደህና ይዋሉ ጋሼ» አለና እሷን እንደ ወንበር ዞሯት ወጣ።

በቀጠሮው ቀን ፖስታው እንደታሸገ ተመልሶ መጣ። ጀርባው ላይ በሚያምር እጅ ጽሑፍ ሪፖርት ሰፍሮበታል። «ተጠሪን ፍለጋ ወደ መኖሪያ ቤቱ ሦስት ጊዜ ሄጄ በሩን አንኳኩቻለሁ። የሚከፍትልኝ ሰው ስላጣሁ ላገኘው አልቻልኩም።»

«ጋሼ!» አለች ልብስ ሰፊዋ። «የራሱን በር እኮ ነው ቆሞ ያንኳኳው!»

«ታዲያ ተከፈተለት?»

«ማን ይከፍትለታል? እኔ የለሁ! እሱ ደጅ ቆሟል!»

«ይኸው አንቺም መሰከርሽ። ቤት ውስጥ አልነበረም» አሉ ኃላፊው፣ በአዘኔታ። ዳኛዋ ሥልጠና ላይ ስለነበሩ ቀጠሮውን የሚሰጡት ኃላፊው ራሳቸው ናቸው፤ ሌላ አሥር ቀን ጨመሩላት።

ሁለተኛው ሪፖርት ደግሞ ከመጀመሪያው የባሰ ነበር። «ተጠሪን በመሥሪያ ቤቱ ብጠይቅ፣ መጥሪያ ለማድረስ ወጥቷል ተባልኩ።»

ያን ቀን ማታ እህቷ ሪፖርቱ ሲነገራት ሶፋው ላይ ተንከባለለች። «ምን ዋሸ? እውነቱን እኮ ነው! ራሱን ሊፈልግ ወጥቶ ራሱን ቢሮ ከየት ያግኘው!» ስትስቅ፣ ስትስቅ፣ መጨረሻ ላይ ሳቁ ወደ ለቅሶ ዞረባት። «አንቺ፣ ሰው ይቀልድብሻል እኮ! ማመልከቻ ምን ያደርግልሻል? ሁለት ጎረምሳ ልላክበትና ልክ ያስገቡት።»

«እትዬ፣ ጎረምሶቹ አንድ ቀን መትተውት ይሄዳሉ። በማግስቱ እኔን ማን ይጠብቀኛል? እኔ የምፈልገው ሁልጊዜ አብሮኝ የሚያድር ወረቀት ነው።»

«ወረቀት ይከላከላል ብለሽ ነው?»

«እሱ የሚፈራው ወረቀት ብቻ ነው» አለች ልብስ ሰፊዋ። አብራው ስድስት ዓመት ኖራለች፤ ታውቀዋለች።

ሦስተኛው ፖስታም እንደታሸገ ተመለሰ። «መንገድ ላይ ሳያጋጥመኝ አይቀርም ብዬ ግራ ቀኝ እያየሁ ሄድኩ፤ አላየሁትም» ይላል። ትምህርት ቤቱ ሊከፈት አሥር ቀን ቀረው። የተማሪ ወላጆች ስልኳን አጨናነቁት። «ዩኒፎርሙ ደረሰ?» ሲሏት «ተቆርጧል» ትላለች። አልዋሸችም፤ የት እንዳለ ብቻ ነው ያልነገረቻቸው። ፋሻው ከተፈታ ሰንብቷል፤ መሐል ጣቷ ግን አልታጠፍ እንዳለ ነው፤ ጎኑ ያለውም ገና ያማታል። መኪናውን ብታገኘው እንኳ በሦስት ጣት እንዴት ጨርቅ እንደምትገፋ፣ ሶፋው ጀርባ ተኝታ በትራሱ ጫፍ ትለማመዳለች።

ያን ሳምንት ግን ዳኛዋ ከሥልጠና ተመለሱና መዝገቡ ችሎት ላይ ተጠራ። ዳኛዋ አጠር ያሉ፣ ድምፃቸው የማይቸኩል ሴት ናቸው። ልብስ ሰፊዋ ከኋላ አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች፤ እህቷ አጠገቧ ናት።

«ተጠሪ ይጠራ» አሉ ዳኛዋ።

በሩ ሥር ደረቱን ነፍቶ የቆመው ፈጥኖ ደራሽ አንገቱን ወደ ኮሪደሩ አወጣና የራሱን ስም እስከ አያቱ ድረስ በሙሉ ድምፅ ጠራ። ኮሪደሩ አስተጋባ። ወደ ግራ አየ፣ ወደ ቀኝ አየ። ሰዓቱን ተመለከተ። ደግሞ ጠራ። አንድ ወንበር ላይ ያንቀላፋ ባለጉዳይ ብድግ ሲል «አንተን አይደለም፣ ተቀመጥ» አለው። ሦስተኛ ጊዜ ሲጠራ ድምፁ ውስጥ ቁጣ ቢጤ ነበረበት፤ ሕግ ባለማክበሩ ሰውየው ያናደደው ይመስላል። ከዚያ ዞሮ እጅ ነሳና፣

«ሦስት ጊዜ ተጠርቷል፤ የለም ክብርት ዳኛ» አለ።

ልብስ ሰፊዋ ሳታስበው ተነስታ ቆማለች።

«ክብርት ዳኛ፣ እሱ ነው።»

«ማን ነው?»

«የጠራው።»

«ማንን ነው የጠራው?»

«ራሱን።»

ዳኛዋ ከመዝገቡ ቀና አሉ። መጀመሪያ እሷን፣ ከዚያ አንገቷ ላይ ያለውን ሜትር፣ ከዚያ በር ላይ የቆመውን ሰው አዩ።

«የተጠራው ሰው አንተ ነህ?»

«ስሙ የእኔ ነው ክብርት ዳኛ» አለ ፈጥኖ ደራሽ በትሕትና። «ነገር ግን አሁን ሥራ ላይ ነኝ። ሠራተኛ በሥራ ሰዓት ለግል ጉዳይ ችሎት ሊቀርብ የሚችለው ፈቃድ ሲሞላ ነው። እኔ ደግሞ ፈቃድ አልሞላሁም።»

«ለምን አልሞላህም?»

«ጉዳይ እንዳለኝ በምን አውቄ? መጥሪያ አልደረሰኝም።»

«መጥሪያውን ማን ነበር የሚያደርስልህ?»

«እኔ።»

«ታዲያ ለምን አላደረስክለትም... አላደረስክልህም...» ዳኛዋ ቆም ብለው ትንፋሽ ወሰዱ። «ለምን አልደረሰም?»

«አላገኘሁትም ክብርት ዳኛ። ሪፖርቱ ተያይዟል።»

ከኋላ አንድ ሰው በሳቅ ፍርፍር አለ። ዳኛዋ በዓይናቸው ዝም አሰኙት። የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ተጠርተው ገቡና የፈቃዱ ነገር በደንቡ መሠረት ትክክል መሆኑን፣ ቅጹ ግን ለጊዜው ማለቁን አስረዱ።

ዳኛዋ ግንባራቸውን ያዙ። «ስሚ እህቴ» አሉ ወደ ልብስ ሰፊዋ ዞረው። «የሆነው ነገር ይገባኛል። ነገር ግን ፖስታው ሦስቴም እንደታሸገ ነው የተመለሰው። መጥሪያ ለተጠሪው መድረሱን የሚያሳይ ነገር መዝገቡ ውስጥ ከሌለ ትዕዛዙን ብሰጥ እንኳ ነገ ይግባኝ ብሎ ያፈርሰዋል። አሁንም በሌላ መንገድ ጥሪ እንዲደረግ ለሦስት ሳምንት ልቀጥረው ነው።»

ሦስት ሳምንት። ልብስ ሰፊዋ በልቧ ቆጠረች፤ ትምህርት ቤቱ ከዚያ በፊት ይከፈታል። ዩኒፎርሞቹ ታዩዋት፣ ጆሮዋ ሥር የምታንሾካሹከው ልጇ ታየቻት። ከዚያ፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ የደንበኛ ደብተሯ ታያት።

እሷም እኮ መዝገብ አላት። ልብስ ስታስረክብ ደንበኛ ሳታስፈርም አትለቅም። አንድ ጊዜ አንዲት ሴትዮ የልጇን ቀሚስ ወስዳ ስታበቃ «አልደረሰኝም» ብላ በር ላይ ጉድ አፍልታ ነበር። ያን ጊዜ ልብስ ሰፊዋ ደብተሩን ገልጣ ፊርማዋን አሳየቻት፤ አለቀ።

«ክብርት ዳኛ፣ ቀጠሮው ሳይሰጥ አንድ ነገር ልጠይቅ? ትልቁ የመረከቢያ መዝገብ ይምጣልኝ። ይኼ ሰው ፖስታ ከመዝገብ ቤት ሲወስድ የሚፈርምበት።»

ኃላፊው መዝገቡን በሁለት እጃቸው ታቅፈው አመጡ። ዳኛዋ ገጹን እየገለጡ ሄደው አንድ ቦታ ላይ ጣታቸው ቆመ።

«ይህ ፊርማ የማን ነው?»

«የእኔ ነው» አለ ፈጥኖ ደራሽ ወዲያው። ነፋ ብሎ ጨመረበት፤ «በአሥራ አራት ዓመት ሳልፈርም የወሰድኩት ፖስታ የለም።»

«ሳትወስድ የፈረምክበትስ አለ?»

«በፍጹም! በእጄ ሳልይዝ ፈርሜ አላውቅም።»

«መልካም። ፖስታው ላይ የተጻፈው የማን ስም ነው?»

«የእኔ... የተጠሪው» አለ።

ዳኛዋ ሳይቸኩሉ ለጸሐፊዋ አጻፉ። «በእሱ ስም የተጻፈ ፖስታ፣ በራሱ እጅ፣ ሙሉ ስሙን ጽፎ በመፈረም ተረክቧል። ይህም አንድ ጊዜ ሳይሆን ሦስት ጊዜ ነው። ስለዚህ መጥሪያ በአግባቡ ደርሶታል።» ቀና አሉ። «እዚህ ፍርድ ቤት እንደ አንተ መጥሪያ በደንብ የደረሰው ሰው የለም። ፈቃዱን እኔ ሰጥቼሃለሁ፤ ና ወደ ፊት ቁም።»

ፈጥኖ ደራሽ ከበሩ እስከ ተጠሪ ሳጥኑ ያለውን አሥር እርምጃ ለመሄድ ብዙ ጊዜ ወሰደበት። እዚያ ሆኖ ሌሎችን ሲጠራ እንጂ እዚህ ቆሞ አያውቅም፤ እጁን የት እንደሚያደርግ ጠፋው።

ከዚያ ልብስ ሰፊዋ ተናገረች። ሾርባውን ተናገረች፣ ግድግዳው ሥር ያለውን ወንበር ተናገረች፣ «ተከሳሽ ቁሚ»ን ተናገረች። እዚህ ላይ የሳቀ የለም። እጇን ዘርግታ፣ ጣቷ የት ድረስ እንደሚታጠፍና የት ላይ እምቢ እንደሚል አሳየች። ዳኛዋ የሐኪሙን ወረቀት አንብበው ወደ እሱ ዞሩ።

«ጣቷን ምን አገኘው?»

«መሳቢያ ነው።»

«መሳቢያውን ማን ዘጋው?»

ፈጥኖ ደራሽ ግራ አየ፣ ቀኝ አየ፤ ኮሪደሩ ላይ እንዳደረገው። የሚጠራው ሌላ ሰው አልነበረም።

ትዕዛዙ እዚያው ተነበበ። ከቤቱ ዛሬውኑ ይወጣል፤ ዕቃውን በፖሊስ በኩል ይወስዳል፤ አመልካቿ ካለችበት ቦታ ሁለት መቶ ሜትር ድረስ አይጠጋም። «ቁልፉን አሁን አስረክብ» አሉ ዳኛዋ።

ፈጥኖ ደራሽ ቁልፉን ከኪሱ አወጣ። ከጠረጴዛው ላይ ፖስታ ወሰደ፣ ቁልፉን ከተተበት፣ አሸገው፣ ላዩ ላይ ሙሉ ስሟን ጻፈበት። ለችሎቱ ፖሊስ ሲሰጠው የመረከቢያ መዝገቡን አብሮ ገፋለት፤ ዓይኑን ከወለሉ ሳያነሳ፣ «ትፈርምልኝ» አለ። አሥራ አራት ዓመት የለመደ እጅ ነው። ልብስ ሰፊዋ በማይታጠፈው ጣቷ ብዕሩን ደግፋ ስሟን እስከ አያቷ ጻፈች፤ ፈረመች፤ ነጥብም አደረገችበት።

ያን ቀን ቤቷ ስትገባ መጀመሪያ ያደረገችው ግድግዳው ሥር ያለውን ወንበር ማንሳት ነው። መኪናዋ ፊት አስቀመጠችውና ተቀመጠችበት። ሠላሳ ስምንቱን ዩኒፎርም እህቷ ስፒል እየነቀለች፣ እሷ በሦስት ጣት እየገፋች፣ ትምህርት ቤቱ ሊከፈት አንድ ቀን ሲቀረው ጨረሱ። ልጅቷ አምስተኛው ቀን ላይ ከመኪናው ድምፅ በላይ ጮኻ ውሃ ጠየቀች። እህትየው «ቀስ በይ፣ ደንቆሮ አደረግሽኝ!» ስትላት እናትየው «ትጩህ! ተያት ትጩህ!» አለች።

የቀረው የትዕዛዙን ማኅተም ያለበት ግልባጭ መውሰድ ነበር። በሳምንቱ ሄደች። ፈጥኖ ደራሽ አሁንም ሥራው ላይ ነው። ጉዳዩን የዲሲፕሊን ኮሚቴ ያየዋል ተብሏል፤ ኮሚቴው ግን እስካሁን አልተሰበሰበም፤ ለአባላቱ የስብሰባውን ጥሪ የሚያደርሰው እሱ ነው።

ልብስ ሰፊዋ በዋናው በር ስትገባ ጥበቃው በመስኮት ወደ ውስጥ «መጣች!» ብሎ ጮኸ። ፈጥኖ ደራሽ ፖስታዎቹን እንዳቀፈ በጓሮ በር ወጣ። ትዕዛዙ ሁለት መቶ ሜትር ይላላ! ግቢውን አቋርጦ፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ ከጎማ ጥገናው ቤት አልፎ አንድ የመብራት ምሰሶ ሥር ቆመ። ርቀቱን ኃላፊው ራሳቸው አስለክተው ምሰሶው ላይ በኖራ ምልክት አድርገዋል። እሷ ግቢው ውስጥ እስካለች ድረስ ፖስታ አይሄድም፣ ባለጉዳይ አይጠራም፣ ችሎት አይሰየምም። በኮሪደሩ ያለው ሰው ሁሉ ቆሞ እሷን ያያል።

ኃላፊው በር ድረስ ወጥተው ተቀበሏት። «እህቴ፣ ግቢ ግቢ! ተቀመጪ! ምን እንታዘዝ? ግልባጩ ተዘጋጅቷል፣ ማኅተሙም ደርቋል፤ ይኸው!» እንዲህ ያለ ፍጥነት በዚያ ቢሮ ታይቶ አይታወቅም።

ልብስ ሰፊዋ ወረቀቱን ተቀበለች። በመስኮቱ ምሰሶው ይታያል፤ ከሥሩ ጥፍር የምታክል ሰውዬ ቆማለች። ሜትሯ ሙሉ ርዝመቱን፣ መቶ ሃምሳ ሳንቲሜትሩን፣ ቢዘረጋ ሰውየው ዘንድ ለመድረስ ከመቶ ሠላሳ ሦስት ጊዜ በላይ ይፈልጋል። አስልታዋለች።

ጣቷን ከመስመር ሥር እያስሄደች፣ ስፌት እንደምትፈትሽ ሁሉ፣ ከላይ ጀምራ አነበበች። ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ቆመች።

«ጋሼ፣ እዚህ ላይ መቶ ሜትር ይላል። ዳኛዋ ያሉት ሁለት መቶ ነው።»

ኃላፊው ወረቀቱን ነጥቀው አዩ፤ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱና ደግመው አዩ። «አንዷ ጸሐፊ... ይቅርታ፣ አሁኑኑ!» ብለው እየሮጡ ወጡ። ተተይቦ፣ ተፈርሞ፣ ማኅተም ተደርጎበት እስኪመጣ ሩብ ሰዓት አልፈጀም። ከኮሪደሩ የአንድ ጠበቃ ድምፅ «ዛሬ ችሎት የለም እንዴ?» እያለ ይጣራል።

«በይ እህቴ፣ አሁን አለቀ አይደል?» አሉ ኃላፊው ላባቸውን እየጠረጉ። «ሂጂልን በእናትሽ። ሰውየውን እንጥራው።»

«እሺ ጋሼ» አለች ልብስ ሰፊዋ። ወንበሩን ወደ መስኮቱ ብርሃን ሳብ አድርጋ ተቀመጠች። «አንድ ጊዜ ብቻ ልየው» ብላ ከመጀመሪያው መስመር ጀመረች።